የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የወንዝ ልጅነትና ሰንደቅ ዓላማ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎጃም የተላኩ ናቸው። ስለ ጨርቅ ልክ፣ ስለ ወንዝና ስለ ታማኝነት የተጠየቀው ለየብቻው ነው፤ እኛም የየራሱን መልስ ሰጥተናል። አንዱ መልስ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲመጣ ግን ዝም ብለን አላለፍንም።

«ትምህርት ቤታችን ደጀን ላይ፣ ገደል አፋፍ ነው። ሰንደቅ ዓላማችን ሁለት ወር ሳይሞላው ጫፉ ተተልትሎ ያልቃል። እዚሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ልናሰፋ አስበናል። ልኩ፣ ጨርቁና አሰፋፉ እንዴት ነው?»
*ርዕሰ መምህርት፣ ከደጀን*

ከልኩ እንጀምርልዎ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ርዝመቱን የወርዱ ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሀል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ ሦስቱም አግድም በእኩል መጠን እንዲቀመጡ ያዛል። ለ6 ወይም ለ7 ሜትር ምሰሶ 90 ሳ.ሜ. በ180 ሳ.ሜ. ይስማማዋል። በአፋፍ ነፋስ ላይ ከዚያ የበለጠ መስቀል ምሰሶውንም ጨርቁንም መጉዳት ነው።

ልብስ ሰፊዎች የሚሳሳቱት አቆራረጡ ላይ ነው። 90 ለ3 ሲካፈል 30 ነው ብለው ሦስቱንም 30 ሳ.ሜ. ይቆርጣሉ። ለመጋጠሚያው ስፌት 1 ሳ.ሜ.፣ ለዳር ቅምቅማት 2 ሳ.ሜ. ከተበላ አረንጓዴውና ቀዩ 27፣ ቢጫው 28 ሆነው ይቀራሉ፤ ወርዱም 82 ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው አቆራረጥ ለአረንጓዴውና ለቀዩ 33፣ ለቢጫው 32 ሳ.ሜ. ነው። ርዝመቱን 189 አድርገው ይቁረጡ፤ በምሰሶው በኩል ገመድ ለሚገባበት እጥፋት 5፣ በነፋሱ በኩል ለሚደረበው ቅምቅማት 4 ሳ.ሜ. ይሄዳል። ሦስቱም ቀለሞች ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ይሁኑ። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ አንዱ ከሌላው በላይ ተሰብስቦ ጨርቁ ይጨማደዳል። ክሩ የጥጥ አይሁን፤ በእርጥበትና በፀሐይ ቶሎ ይበሰብሳልና ፖሊስተር ይምረጡ።

መተልተሉ የሚጀምረው ከሁለቱ የውጭ ማዕዘኖች ነው፤ ነፋሱ ያን ጫፍ እንደ ጅራፍ ያጮኸዋል። በነፋሱ በኩል ያለው ቅምቅማት በአንድ መስመር ስፌት አይያዝም፤ ሦስት ወይም አራት መስመር ይሰፋ። ማዕዘኖቹ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይደረብባቸው። ምሰሶው አጠገብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የቆርቆሮ ጠርዝ ካለ ጨርቁን የሚቀደው ነፋሱ ሳይሆን እሱ ነውና አስቀድመው ያስወግዱት። የመሀሉ ሰማያዊ ክብ ከሁለቱም ወገን መታየት አለበት። በአንድ ወገን ብቻ ወፍራም ጨርቅ ከተለጠፈ ሰንደቁ መሀሉ ላይ ይረግባል፤ ስለዚህ በስሱ ጨርቅ በሁለቱም ፊት ይሰፋ።

የሚሰቀለው ጠዋት 12 ሰዓት፣ የሚወርደው ምሽት 12 ሰዓት ነው። ርጥቡን አጥፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ሻጋታ ያመጣል፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በላይኛው ማዕዘን፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ በአረንጓዴ ክር ምልክት ያድርጉ፤ ተረኛ ተማሪዎች ተቻኩለው ገልብጠው የሚሰቅሉት ይህ ምልክት ሲጠፋ ነው። ለሐዘን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሲታዘዝ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ማታም ሲወርድ እንደገና ጫፍ ነክቶ ነው የሚወርደው።

«ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሱ ኮከብ ያለበትን፣ ገሚሱ ልሙጡን ይላል። ጨርቅ ሰውን እንዴት ያጣላል?»
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሞጣ*

ልጃችን፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው፤ ሰንደቅ ምሰሶው ነው፣ ዓላማ ምሰሶው ላይ የሚታየው ምልክት ነው። ሰው የሚጣላው በዓላማው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በቀለሞቹ ሳይሆን መሀሉ ላይ በሚቀመጠው ነው።

ታሪኩን ተከተዪ። ሦስቱ ቀለማት ቀድሞ ለየብቻቸው በሚውለበለቡ ሹል ጨርቆች ይታዩ ነበር፤ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ላይ ተሰፉ። በንጉሡ ዘመን መሀሉ ላይ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱን ከአንበሳው ራስ አወረደ፤ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) በ1980 ዓ.ም. ሲመሠረት የራሱን አርማ አስቀመጠ። ከ1983 በኋላ ለጥቂት ዓመታት ልሙጡ ቆየ። በ1988 ዓ.ም. ሰማያዊው ክብና ኮከቡ ገቡ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ግን በዚህ ሁሉ መሀል አልተነኩም። ጋና በፈረንጆች 1957 ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ቀለሞች ወሰደች፤ ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋል ተከተሏት። ክፍላችሁ ውስጥ የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ለሦስቱ ቀለሞች የቆሙ ናቸው፤ ይህን ለጓደኞችሽ ብትነግሪያቸው ክርክሩ ይረግባል ብለን እናምናለን።

የመሀሉን ምልክት የሚቀይረው መንግሥት ስለሆነ ሕዝብ ምልክቱን ከመንግሥቱ ለይቶ አያየውም። በሌላ አገርም የሆነው ይኸው ነው። ሃንጋሪዎች በፈረንጆች 1956፣ ሩማንያውያን በ1989 አደባባይ ሲወጡ ከሰንደቃቸው መሀል የሥርዓቱን አርማ በመቀስ ቆርጠው ጨርቁን ከነቀዳዳው ይዘው ወጡ። ሩማንያ አርማውን ስታነሣ ሰንደቋ ከቻድ ጋር ለመለየት እስኪያስቸግር አንድ ዓይነት ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ቤልፋስት ላይ ደግሞ ጨርቁም አርማውም ሳይለወጥ፣ በየቀኑ ይሰቀል የነበረው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይሰቀል ተብሎ በታኅሣሥ 2012 በፈረንጆች ስለተወሰነ ብቻ ለወራት የዘለቀ ሁከት ተነሣ።

የቆጵሮስን ደግሞ በተለየ ተመልከቺ። በፈረንጆች 1960 የወጣው ሰንደቋ ግሪኮችንም ቱርኮችንም እንዳያስቆጣ ተብሎ ሰማያዊና ቀይ ሆን ተብለው ተተዉ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የደሴቲቱ ካርታና ሁለት የወይራ ዝንጣፊ ተደረገበት። ከዚህ የበለጠ የታሰበበት ሰንደቅ ማግኘት ይከብዳል። ደሴቲቱ ግን በ1974 ለሁለት ተከፈለች። ደቡብ አፍሪካ በሚያዝያ 1994 የሰቀለችው ለጊዜው ተብሎ በጥድፊያ የተሠራ ነበር፤ ሕዝቡ ስለወደደው ቋሚ ሆነ። በእኛ አመለካከት ልዩነቱ የጨርቁ ውበት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያ ሰንደቅ የተሰቀለው ጥቁሩ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ በሰጠበት ወቅት ነው። ሰው ከሰንደቁ ጋር አብሮ የሚያስታውሰው ያን ቀን የተሰጠውን ወይም የተነፈገውን ነው።

«ዓባይ ጎጃምን ጠበቀው ወይስ ቆለፈው? ሽማግሌዎች በዚህ አይስማሙም።»
*ነጋዴ፣ ከየጁቤ*

አባታችን፣ የሚኖሩበት ቦታ ራሱ መልሱን ይዟል። ወንዙን ከምንጩ እንከተለው። ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ይነሣና ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ በጢስ ዓባይ ይወድቃል። ከዚያ በምሥራቅና በደቡብ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ወንዙ ማደሪያ ስለሌለው ነው፤ ያን መዞሩን በካርታ ላይ ያየ ሰው ግን ጎጃም የታቀፈ አገር መሆኑን ይረዳል። መሀሉ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄ አለ፤ ከዚያ የሚወርዱት ወንዞች በሙሉ ወደዚያው ወደ ዓባይ ነው የሚፈሱት።

ገደሉ ደጀን በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለእግረኛ ጦር ቁልቁለቱና አቀበቱ ራሱ ውጊያ ነው፤ ታች ያለው ሙቀትና ወባ ደግሞ ሌላ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶ አያሻግርም። ስለዚህ ዓባይ ግንብ የሚሆነው በክረምት ነው። በበጋ መሻገሪያዎቹ ይከፈታሉ፤ ያን ጊዜ ገበያ ይሆናል። የእናንተው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀው በዚህ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እየተሻገረ ይመጣ ነበር። ወንዙን መሻገሪያ የያዘ ቀረጡን ይዟል፤ ቀረጡን የያዘ ጠመንጃ ይገዛል። የጎጃሙ ራስ አዳልና የሸዋው ምኒልክ ከዓባይ ማዶ በእንባቦ የተዋጉት ለዚህ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ ማዕረጉ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ከፋ ያለው ከዓባይ ወዲያ፣ ሩቅ ደቡብ ነው። ምኒልክም ከሸዋ ወደዚያው እያዩ ነበር። በግንቦት 1874 መጨረሻ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለቱ ከዓባይ ማዶ ተገናኙ፤ የጎጃም ጦር ወንዙን ከጀርባው አድርጎ ተዋጋ፣ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። ቤትዎ ሳሉ የሚጠብቅዎ ገደል ወጥተው ሲዋጉ የመመለሻ መንገድዎን ይዘጋል።

ከጣሊያን ጋር በነበረው የአምስት ዓመት ትግል ደግሞ ሌላ ገጽታ ታየ። ጣሊያን ከተሞችንና ምሽጎችን ያዘ፤ ገጠሩን ግን በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም አርበኞች ያዙበት። ጎጃም ያኔ በምዕራብ ቆላው በኩል ከሱዳን ጋር ይዋሰን ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ የተመለሱት በዚያ ነው፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ፣ በበላያና በቡሬ አድርገው ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። አብሯቸው የገባው ጌዲዮን የተባለው ጦር ከ2,000 ሰው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ጣሊያን በክፍለ ሀገሩ ያሰለፈው ከዚያ እጅግ ብዙ እጥፍ ነው። ኦሜድላ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ክብደት ያገኘው ከኋላው ባለው ጦር ሳይሆን ከፊቱ ገጠሩን ይዞ በሚጠብቀው ባላገር ነው።

ስለዚህ ጠበቀ ወይስ ቆለፈ ለሚለው፣ ገደሉ ሁለቱንም ያደርጋል፤ የሚወስነው ወቅቱና ድልድዩ ነው። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይና ወደ ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ ለዘመናት ጎጃምን ከጎንደርና ከበጌምድር አገናኝተዋል። ሰባራ የተባለውም መሀል ቅስቱ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ስለፈረሰ ነው። ወራሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈርሰው ድልድይ ነው፤ ሰላም ሲሆን ለመጠገን ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

«ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ተማርከው ሳለ ዓድዋ ላይ እንዴት ለምኒልክ ተዋጉ? የጎጃም ሰው ታማኝነቱ ለማን ነው?»
*የታሪክ መምህር፣ ከቢቸና*

ታማኝነት አንድ ወጥ ክር አይደለም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ለጎጃም ጥቅም ከምኒልክ ጋር ተዋጉ። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከሁለቱ ጋር ተጣልተው ጎጃም ላይ ዘመቱ፤ አገሩ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ጎጃሜው ከምኒልክ ጎን ዓድዋ ላይ ቆመ። ጠላቱ ከባሕር ማዶ ሲመጣ የወንዙ ልጅ ማን እንደሆነ ትርጉሙ ሰፋ። በአማርኛ «የወንዜ ልጅ» ስንል አንዳንዴ የሰፈር ልጅ፣ አንዳንዴ የአውራጃ፣ አንዳንዴ የአገር ልጅ ማለታችን ነው። ስፋቱን የሚወስነው ከፊት የቆመው ነው።

ሁለተኛው ክር መሬት ነው፤ ጎጃምን ለማወቅ የፈለገ ከዚህ መጀመር አለበት። «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤት» ይላል ባላገሩ። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ለግብር መሬት እንዲለካ ሲያዝ ጎጃም ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) አላስጥልም አለ፤ ሲለካ ርስት ወደ መንግሥት ወይም ወደ ባለሥልጣን እንደሚዞር በሌላ ክፍለ ሀገር አይቷልና። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ባላገሩ የሰማው «ገቢህ ይገመት» የሚለውን ሳይሆን «ርስትህ ይለካ» የሚለውን ነው። ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ አመፁ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ተዛመተ። መንግሥት ፖሊስም አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ አዲሱ ግብርም ጎጃም ላይ ሳይሰበሰብ ቀረ። ያ ባላገር ዘውዱ ያለበትን ሰንደቅ አልጠላም፤ ልጆቹ የአርበኞች ልጆች ናቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሕዝብ ንጉሡን አልከሰሰም፤ የንጉሡን ግብር ሰብሳቢ ግን ከድንበሩ አላሳለፈም።

በላይ ዘለቀን ያስታውሱ፤ አምስት ዓመት ለዚያ ሰንደቅ ተዋግቶ ያው መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ሰቀለው። ይህን ጉዳይ ሲያስተምሩ ታማኝ ወይም ከዳተኛ በሚል ሁለት ሣጥን አይከፋፍሉ። ተማሪዎችዎን እንዲህ ብለው ያሰሯቸው፦ ለእያንዳንዱ ክስተት ጠላት ማን ነው፣ መሬቱ በማን እጅ ነው፣ ግብሩን ማን ይወስናል፣ ጦሩ በየት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አራቱን ጥያቄዎች ለእንባቦ፣ ለዓድዋ፣ ለ1933 እና ለ1960 ጎን ለጎን ይሙሉላቸው። ታማኝነቱ የት እንደተቀየረ ሠንጠረዡ ራሱ ያሳያቸዋል።

«ድንበራችን ወንዝ ነው። አምና ክረምት ጎርፉ አቅጣጫ ቀይሮ ሁለት ጥማድ ያህል መሬቴን ወደ ጎረቤቴ በኩል አሻገረው። አገሮች እንዲህ ሲሆኑ ምን ያደርጋሉ?»
*አርሶ አደር፣ ከአዴት*

በአገሮች መካከል ያለው ልማድ ሁለት ነገር ይለያል። ወንዙ ዳሩን በጥቂት በጥቂቱ እየበላ ከሸሸ ድንበሩ አብሮት ይሄዳል። በአንድ ጎርፍ በድንገት አዲስ መንገድ ከቀደደ ግን ድንበሩ በአሮጌው ቦይ ይቀራል። ሪዮ ግራንዴ በ1860ዎቹ በፈረንጆች ወደ ደቡብ ሸሽቶ የሜክሲኮን መሬት ወደ አሜሪካ በኩል ስላስቀረ ሁለቱ አገሮች 100 ዓመት ያህል ተካሰሱ፤ የተፈታው በ1963 ውል ነው። ሁለት ቦይ ያለው ወንዝም ያጣላል። ቦትስዋናና ናሚቢያ ካሲኪሊ በተባለች ደሴት ሲከራከሩ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የውሃውን ጥልቀት፣ ስፋትና ፍሰት አመዛዝኖ በ1999 ለቦትስዋና ፈረደ። የእኛው የባድመ መዘዝም ያረጀ ውል ላይ የወንዝ ስም ከመጻፍና መሬት ላይ ያ ወንዝ የትኛው እንደሆነ ካለመስማማት የመጣ ነው፤ የ1990 ዓ.ም. ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በልቷል።

የእርስዎ ግን በይዞታ ደብተርዎ የሚታይ ነው። አሮጌው ቦይ በእርሻ ሳይጠፋ በፊት፣ አሁኑኑ፣ ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው ሽማግሌና የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ይጥሩ። በአሮጌው ቦይ መሀል በየ20 እርምጃው ድንጋይ ይትከሉ፤ ድንጋዩ ከታች ከሰል ወይም የሸክላ ስባሪ ይቀበርበት፣ ድንጋይ ቢነቀልም ከሰሉ ይመሰክራልና። ከተረፈ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ያለው ርቀት ተለክቶ በጽሑፍ ይያዝ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ወንዝ ዳር የተተከለ ብሳና ወይም ግራር ምስክር አይሁን፤ ቀጣዩ ጎርፍ ይወስደዋል።

«ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በፈረስ ላይ ትልቅ ሰንደቅ መያዝ እፈልጋለሁ። ፈረሴ ይደነግጣል።»
*ወጣት ፈረሰኛ፣ ከእንጅባራ*

በፈረስ ላይ ከ60 በ120 ሳ.ሜ. አትለፍ፤ ከዚያ ሲበልጥ ነፋሱ ክንድህን ያዞረዋል። ምሰሶው 2 ሜትር ከ20 ይሁን፤ የታችኛውን ጫፍ በቀኝ እርካብህ ላይ፣ ከእግርህ አጠገብ አሳርፈው፤ በክንድህ ብቻ አትሸከመው። ፈረሱ የሚፈራው ጨርቁ ከኋላ መጥቶ በዓይኑ ጥግ ሲንቀጠቀጥና ሲጮህ ነው። ስለዚህ ከ2 ሳምንት በፊት ጀምር፦ መጀመሪያ ታጥፎ እጅህ ላይ ያሽትተው፣ ቀጥሎ አንገቱንና ወገቡን በጨርቁ አሻሸው፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው 20 እርምጃ ርቆ ያውለብልበውና ቀስ እያለ ይቅረብ። ቆሞ ሲታገሥ ገብስ ስጠው። በሰልፉ ቀን ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነፍስበት ጎን ተሰለፍ፤ ጨርቁ ከፈረሱ ራስ ይርቃል። ከኋላህ ላለው ፈረሰኛም ቢያንስ ሁለት የፈረስ ቁመት ተውለት።